ቲቸር፣ «እናንተ ሂዱ» አይበሉ

«ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ስዊድን፣ ማልሞ የምትባል ከተማ ትኖራለች። ዘንድሮ ለሁለት ወር ጋብዛኝ ቪዛው ወጥቶልኛል። አሁን ባሏ ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ሁላችንንም ድንበር አሻግሮ፣ ዴንማርክ ያለ ቲቮሊ የሚባል የመጫወቻ ፓርክ ሊወስደን አቅዷል። እኔ ግን ጨንቆኛል። ቪዛዬ ላይ 01 ይላል፤ ጎረቤቴ አንዴ ከስዊድን ከወጣሽ መመለስ የለም አለችኝ። ደም ግፊት አለብኝ። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ለእኔ የሚወጣው ገንዘብም ያንገበግበኛል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የልጅ ልጆቼ ነገር ነው። ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ስድስት፤ አማርኛቸው ኮልታፋ ነው። ትንሿ በስልክ «አንተ» ነው የምትለኝ። ቀኑን ሙሉ ምን እንባባላለን? እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት ልጠብቃችሁ ብላቸው ይከፋቸው ይሆን?»
ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከሽምብጥ

ቲቸር፣ እንዲህ ብዬ ብጠራዎት አይቀየሙኝም ብዬ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማረ ሰው የከተማውን ግማሽ አስተምሯል፤ እኔም ከዚያ ግማሽ ውስጥ ልኖር እችላለሁ።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። አዎ፣ ይከፋቸዋል። አፍ አውጥተው አይነግሩዎትም እንጂ በጣም ይከፋቸዋል። የእኔ እናት ወንድሜ ጋ ሄዳ ሦስት ወር ተቀምጣ ነበር። ገበያ እንሂድ ሲሏት «እናንተ ሂዱ»፣ ባሕር ዳርቻ እንውጣ ሲሏት «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤቱን ልጠብቅ»። ቤቱን ማን ሊወስደው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ስትመለስ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «ምን አየሽ?» አላት። «መስኮት» አለች። እኛ በሳቅ ፈረስን። ወንድሜ ግን በስልክ ሲነገረው አልሳቀም። ለትኬቷ ስንት ሌሊት ተጨማሪ ፈረቃ እንደሠራ የሚያውቀው እሱ ነዋ።

ይሉኝታ እኛ ዘንድ ጥሩ ነገር ነው፤ ልጅዎ ግን እናቷን የጋበዘችው ለይሉኝታ አይደለም። ስለዚህ ይሄዳሉ። ሌላው ሁሉ መላ አለው፣ አንድ በአንድ እንየው።

እንቅልፍ የነሳዎት ቪዛው ይመስለኛል። ፓስፖርትዎን ያውጡና መነጽርዎን ያድርጉ። ቪዛው የተለጠፈበት ገጽ ላይ፣ ከላይ፣ ለየትኞቹ አገሮች እንደሚያገለግል የሚናገር መስመር አለ። እዚያ ላይ ሸንገን የሚል ቃል ካለበት ጨርሰናል። ሸንገን ሉክሰምበርግ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በፈረንጆች 1985 አምስት አገሮች እዚያ ተገናኝተው፣ በመካከላችን ያለውን የድንበር ፍተሻ እናንሳ ብለው ተፈራረሙ። ስዊድንና ዴንማርክ ኋላ ገብተውበት ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋሉት። 01 የሚለው ቁጥር ወደዚህ ሰፊ ግቢ ስንት ጊዜ እንደሚገቡ ነው የሚናገረው እንጂ ስለ ስዊድን ብቻ አይደለም። ማልሞ ሳሎን ከሆነ ኮፐንሃገን ጓዳ ነው። ከሳሎን ወደ ጓዳ የገባ ሰው ከቤት ወጣ አይባልም። ዴንማርክ የሚውሉባት ቀንም ቪዛው ላይ ከተጻፈልዎት የቀን ብዛት ላይ ነው የምትቆጠረው፣ ሌላ ሂሳብ የላትም። መስመሩ ላይ ሸንገን የሚለው ቀርቶ የአንድ ሁለት አገር ስም ብቻ ተለይቶ ከተጻፈ ግን ነገሩ ይለያልና ልጅዎ ሳታጣራ ንቅንቅ እንዳይሉ።

ጎረቤትዎም ከመሬት ተነስተው አላወሩም። ምናልባት የሰሙት የእንግሊዝን ወሬ ይሆናል። እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ የለችም፤ ለንደን የሰነበተ ሰው ፓሪስ ውዬ ልምጣ ቢል ሌላ ቪዛ ይፈልጋል። በ01 ቪዛ ስዊድን ገብቶ ወደ ለንደን ብቅ ብሎ ልመለስ ያለም በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው።

እግረ መንገድዎን የአውሮፕላን ትኬትዎንም ይዩት። ማልሞ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ኮፐንሃገን ነው፣ ኤርፖርቱ ያለው በዴንማርክ በኩል ነዋ። ትኬትዎ ኮፐንሃገን የሚል ከሆነ እኮ የልጅዎን ደጃፍ ሳይረግጡ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ሻንጣ እየጎተቱ ያንኑ ድንበር ተሻግረውታል ማለት ነው!

ፓስፖርቱን ግን ይያዙ። ኮፒውን አይደለም፣ ስልክ ላይ ያለውን ፎቶም አይደለም፣ ዋናውን። ፍተሻ ተነስቷል ሲባል ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ወደ ማልሞ ስትመለሱ ሂሊ በምትባለው የመጀመሪያዋ የስዊድን ጣቢያ ፖሊስ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል። ደንግጠው ሻንጣ ሙሉ ዕቃ እንዳይዘረግፉ። እናቶቻችን ብር መቀነታቸው ላይ እንደሚቋጥሩት፣ እርስዎም እጅዎ ቶሎ የሚያገኘው ቦታ ያድርጉት።

መንገዱ ቀላል ነው። ከማልሞ ኮፐንሃገን በባቡር አርባ ደቂቃ ግድም ነው፣ በጀልባ ዘጌ ከመድረስ ያንሳል። ባሕሩን የሚያሻግረው ድልድይ በፈረንጆች 2000 የተከፈተ ሲሆን ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አዲሱ የዓባይ ድልድያችን 380 ሜትር ነው፤ እሱን ሃያ ጊዜ ቢቀጣጥሉት ነው እንግዲህ። መኪናው በላይኛው ወለል፣ ባቡሩ በታችኛው ይሄዳል። ይህን ቀድሜ የምነግርዎት ለምን መሰለዎት፣ ድልድዩ ባሕሩ መሃል ላይ ያልቃል! ባቡሩ አንዲት ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ያርፍና ከዚያ ከባሕሩ ሥር ዋሻ ውስጥ ይገባል። መስኮቱ ድንገት ሲጨልም «በስመ አብ» ብለው ልጆቹን እንዳያስደነግጡ።

ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። የልጅዎ ባል «በዘጠኝ ሰዓት እንነሳለን» ካለ በፈረንጅ ነው፣ የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት ነው። በፍልሰታ ዘጠኝ ሰዓት ሲባል እርስዎ የሚያስቡት ሌላ ነገር መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ቲቮሊ ከኮፐንሃገን ዋናው ባቡር ጣቢያ ወጥተው መንገዱን ሲሻገሩ ነው። ታክሲ የለም፣ ድካም የለም። የተከፈተው በፈረንጆች 1843 ነው። ያኔ እኛ ዘንድ ራስ አሊ ደብረ ታቦር ላይ ነበሩ፤ አፄ ቴዎድሮስም ገና ካሣ ኃይሉ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ዲዝኒላንድን የሠራው ዋልት ዲዝኒ እንኳ የራሱን ከመክፈቱ በፊት መጥቶ ጎብኝቶታል። ይህን የማነሳው ቦታው የልጆች ብቻ እንዳይመስልዎት ነው። አበባው፣ ዛፉ፣ መቀመጫው፣ ሲመሽ የሚበራው መብራት፣ ሽማግሌና አሮጊት ክንድ ለክንድ ተያይዘው የሚንሸራሸሩበት ግቢ ነው። እዚያ አገር ስልሳ አንድ ዓመት ደግሞ እርጅና አይባልም።

የገንዘቡን ነገር በሁለት ቃል። ቲቮሊ መግቢያው ለብቻ፣ መጫወቻው ለብቻ ነው የሚከፈለው። እርስዎ መጫወቻ ላይ ካልወጡ መግቢያ ብቻ ይበቃዎታል። ይህንን ለልጅዎ ባል ትኬት ሳይቆርጥ በፊት ይንገሩት፣ እሱም ደስ ይለዋል፣ የእርስዎም ሆድ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ግን ዋጋውን በብር እያባዙ፣ ብሩን ደግሞ በጤፍ ኪሎ እያካፈሉ መቀመጥ የለም። ያ ገንዘብ ቢቀር ለጣራ ቆርቆሮ አይላክልዎትም፤ ሌላ ቀን ፒዛ ይሆናል። የዴንማርክ ክሮነና የስዊድን ክሮና ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ገንዘቡ አንድ አይደለም። ልጅዎ ኪስዎ ውስጥ የከተተችልዎትን የስዊድን ብር ይዘው ለልጆቹ አይስክሬም ልግዛ ብለው እንዳይቸገሩ። እዚያ አብዛኛው ነገር በካርድ ነው።

ደም ግፊቱ ላይ አልቀልድም። ከመሄድዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ኪኒኑ ደግሞ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይሆንም። ቲቮሊ ውስጥ ሰማንያ ሜትር ከፍታ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥለው የሚሽከረከሩበት ነገር አለ፣ ስሙ ራሱ የሰማይ መርከብ ማለት ነው። እሱን ከታች ሆነው ይዩት። ከፈረንጆች 1914 ጀምሮ የሚሠራ የእንጨት ባቡርም አለ፤ ሽቅብ ይወጣና ቁልቁል ይወረወራል። የሚገርመው እስከ ዛሬ ፍሬኑን የሚይዘው አብሮ የሚሳፈር ሰው ነው፣ ልክ እንደ ታክሲ ረዳት መሃል ላይ ይቀመጥና ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ይጎትታል። ልጆቹ «አያቴ ነይ» ብለው ቢጎትቱዎትም እሱም ይቅርብዎት። «ዶክተሩ ከልክሎኛል» ማለት በየትኛውም አገር የሚያስከብር መልስ ነው። ቀስ ብሎ የሚዞር የልጆች ነገር ላይ ከወጡ ግን ነጠላዎን ያውልቁና ለልጅዎ ይስጡ። ጫፉ ተሽከርካሪ ብረት ውስጥ ከገባ ቀልድ የለም። ለቅዝቃዜው ሹራብ ይሻላል፤ የእነሱ ነሐሴ በጋ ቢባልም ዝናብ አያጣውም።

ፍልሰታን በተመለከተ ንስሐ አባትዎ እያሉ እኔ አፌን አልከፍትም። የማውቀውን ብቻ ልበል። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጆች ከኦገስት 7 እስከ 21። ፓርኩ በበጋ ከዚያ በኋላም ክፍት ነውና ቀኑን ገፋ አድርጉልኝ ማለት ይችላሉ። የልጆቹ ትምህርት የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ግን ቅዳሜ መሆን አለበት፣ ቅዳሜ ደግሞ ሰው ይበዛል። አይ፣ በጾሙ ውስጥ ይሁን ካሉም አይራቡም። የተጠበሰ ድንች የማይሸጥበት የመጫወቻ ቦታ የለም፤ ልጅዎ ዘይቱን ትጠይቅልዎት። ቆሎና ድፎ ዳቦ በፌስታል ይያዙና ባቡር ላይ ይቅመሱ። ከድፎ ዳቦው ለልጆቹም ይተርፋል።

ስለ ስንቅ ካነሳን አይቀር፣ ከዚህ ሲነሱ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣና ዓይብ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ እጅ አያስገባም፤ ኤርፖርት ላይ ዓይንዎ እያየ ቆሻሻ ውስጥ ይጥሉታል። ስንት ቀን የተለፋበት የጎጃም ቅቤ ለዴንማርክ ቅርጫት! በርበሬና ሽሮ ይዘው ይሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ልጆቹ።

ቲቸር፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቪዛውም፣ ግፊቱም፣ ገንዘቡም እውነት ነው፤ የሚያስፈራዎት ግን ይሄኛው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ስልሳና ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል ፊት የቆመ ሰው ሁለት ልጆች ፈርቷል። አይፍረዱብኝ፣ እውነቱ ይሄው ነው። ያ ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ እንደሚውሉበት ቀን አይደለም። ቤት ውስጥ ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው አንድ ጥግ ይቀመጣሉ፣ እርስዎም ወጥ ቤት ይገባሉ፣ ልጅዎ በመሃል ታስተረጉማለች። እዚያ ግን እናትና አባት ትኬት ሊሰለፉ ይሄዳሉና እርስዎና ትንሿ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀራላችሁ። በየትኛው ቋንቋ?

ቲቮሊ ውስጥ ለእናንተ የተሠራ የሚመስል አንድ ቦታ አለ። ከፈረንጆች 1874 ጀምሮ ያለ፣ እንደ ቻይና ቤት ተደርጎ የተሠራ ከቤት ውጭ የሆነ መድረክ ነው። መጋረጃው የተዘረጋ የፒኮክ ጅራት ነው፤ ትርኢቱ ሲጀምር ጅራቱ እንደ ማራገቢያ ይታጠፋል። እዚያ የሚታየው ጨዋታ ቃል የለውም። ፊቱን ነጭ የተቀባ ፒየሮ የሚባል የዋህ ሞኝ አለ፣ ሁሉም ያታልሉታል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ልጆቹ ይጮሁለታል። ዴንማርክኛ የማያውቅ፣ ስዊድንኛ የማያውቅ፣ አማርኛው የተኮላተፈ፣ ሁሉም እኩል ነው፤ የሚገባውም በእኩል ሰዓት ነው። ለመግቢያ ከከፈሉት ሌላም አያስከፍልም። ልጅዎን የትርኢቱ ሰዓት ስንት እንደሆነ አስቀድማ እንድታይልዎት ይንገሯትና ከጊዜው ቀደም ብለው ቦታ ይያዙ። ስትጠፋፉ የምትገናኙበትም እዚያው ይሁን፤ ፒኮኩን የማያገኝ የለም። የልጅዎን ስልክ ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፈው ኪስዎ ይክተቱ። የእኛ ሲም ካርድ እዚያ ባይሠራስ?

ከትልቁ ጋር ደግሞ ሐይቁ ላይ ይውረዱ። ሐይቅ ይሉታል እንጂ የጣና ሰው ኩሬ ነው የሚለው። ድሮ ከተማውን ከጠላት ይከላከል ከነበረው የውኃ ቦይ የተረፈ ነው። የዘንዶ ራስ ያላቸው ትንንሽ ጀልባዎች ይንሳፈፉበታል፣ እነሱ ግፊትም አያስነሱም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጀልባ ላይ ሲወጣ የሚያውቅ መምሰል ይወዳል። ያኔ ስለ ታንኳ ይንገሩት። ከደንገል እንደሚሠራ፣ ውኃ ስለሚጠጣ ሰዎቹ ከተጠቀሙበት በኋላ አውጥተው ፀሐይ ላይ እንደሚያቆሙት፣ ጉማሬ ሲመጣ ቀዛፊው ምን እንደሚያደርግ። አማርኛው ካልገባው በእጅዎ ያሳዩት። ከተቻለ ከመሄድዎ በፊት ሐይቁ ዳር የደንገል ሥራ ከሚሸጡት ልጆች ትንሽዬ መጫወቻ ታንኳ ይግዙ፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ማንም አይከለክልዎትም። ዘንዶው ጀልባ ላይ ሆነው ከቦርሳ መዘዝ ሲያደርጉት የልጁን ፊት ማየት ነው።

ዛሬ ማታ ለልጅዎ በቴሌግራም በድምፅዎ ይህን ይላኩላት። «እሄዳለሁ። ለእኔ መግቢያና የዘንዶ ጀልባዋን ብቻ ግዙ። ከፍ የሚል ነገር ላይ አልወጣም፣ አታስቸግሩኝ። ቃል የሌለው ትርኢት አለ አሉ፣ እሱ ጋ ከትንሿ ጋር አስቀምጡኝና የትም ሂዱ።» በቃ። ሌላ ማብራሪያ አይጨምሩ፤ «አይ ግን ካስቸገርኳችሁ» የምትለዋን በተለይ።

ትንሿ ፒኮኩ ሥር ቁጭ ብላ «አንተ፣ እየው፣ እየው!» ካለችዎት ደግሞ ያን ቀን አያርሟት። ሰኞ ይደርሳል።